ትንፋሽ ቀድሞ እግር ሲቀር፤ ለጀማሪ ሯጮች



በዚህ ጽሑፍ ላወራ ያሰብሁት ስለ ታላላቅ ሯጮች ድል አይደለም። በማለዳ ተነሥቶ ሶምሶማ መሮጥ ጀምሮ፣ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሳምንት እግሩን አሞት ስለሚተወው ተማሪ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በመካከላችን ብዙ ነው። በትምህርት መጀመሪያ ላይ በጉብሬው ግቢያችን ዙሪያ ማለዳ የሚሮጡትን ያየ ሰው፣ ከሁለት ወር በኋላ ቢመለከት ብዙዎቹን አያገኛቸውም። ስለ ምን ተዋችሁት ተብለው ሲጠየቁም «እኔ ለሩጫ አልተፈጠርሁም» ይላሉ። ይህ አነጋገር ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ፤ እኔም ራሴ ብዬው ነበርና።

ተወልጄ ያደግሁት ቡታጅራ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ባለ ከተማ፣ የዘቢዳርን ተራራ እያየሁ ስለኖርሁ ትንፋሼ እንደማያሳፍረኝ ዐውቅ ነበር። እንዳሰብሁትም ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ከጉብሬ ወደ ወልቂጤ በሚወስደው አስፋልት ላይ ጓደኞቼን ጥያቸው እሄድ ጀመር። በአራተኛው ሳምንት መንገዱን እጥፍ አደረግሁት። በአምስተኛው ሳምንት ግን የግራ ቅልጥሜ ከውስጥ በኩል ይቆጠቁጠኝ ጀመር፤ ሲሞቀኝ ይተወኛል፣ ሲበርደኝ ይመለሳል። ጥዬአቸው የሄድሁት ሰዎች ቆሜ እንዳያዩኝ ስል ዝም ብዬ ሮጥሁ። በሰባተኛው ሳምንት የዶርሙን ደረጃ መውጣት አቃተኝ።

ከኛ ጋር የሚሮጥ ከጋምቤላ የመጣ ጓደኛ ነበረን። የወልቂጤ አካባቢ ከፍታ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ከቆላ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ልቡም ይመታል። ይህ ልጅ መቶ ሜትር ሮጦ ይራመዳል፤ እንደገና መቶ ሜትር ሮጦ ይራመዳል፤ እኛም እንስቅበት ነበር። እርሱ ግን አንድ ቀን እንኳ እግሩን አላመመውም። ያዳነው ያ የትንፋሽ ማጠር መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው መሮጥ ሲጀምር በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ የደሙ ፈሳሽ ክፍል ይጨምራል፤ ልብም በአንድ ምት የምትረጨው ደም ይበዛል። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ያለከለከበት ዳገት በዚህ ሳምንት ይቀልለዋል። አጥንት ግን እንዲህ አይቸኩልም። አዲስ ጫና ሲያገኝ በመጀመሪያ አሮጌው ክፍል ይፈርሳል፤ አዲሱን የሚገነቡት ሕዋሳት ከኋላ ይመጣሉ፤ ሥራቸውም ወራት ይፈጃል። የጎጆ ክዳን ሲታደስ አይታችኋል። አሮጌው ሣር ወርዶ አዲሱ ሳይከደን ዝናም ቢመጣ፣ ቤቱ ሳይታደስ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ያፈስሳል። የጀማሪ ሯጭ ቅልጥም በሁለተኛው ወር ገደማ እንዲህ ባለ ጊዜ ላይ ይገኛል። ትንፋሹ «ጨምር» ሲለው ክዳኑ ገና አልተከደነም። እንግዲህ በዚያ ሰዓት የሚመጣው ሕመም የስንፍና ወይም የተፈጥሮ ጉድለት ምልክት ሳይሆን፣ ጊዜውን ያልጠበቀ ጭነት ምልክት ነው።

ለዕረፍት ቡታጅራ በሄድሁ ጊዜ እናቴ ወደ ወጌሻ ወሰደችኝ። መታሸቴ የማይቀር መስሎኝ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥሁ። ሽማግሌው በአውራ ጣታቸው ቅልጥሜን ከላይ ወደ ታች እየተጫኑ ወረዱና አንድ ስፍራ ሲደርሱ ጮኽሁ።

«ልጄ፣ ይህ የሚታሽ አይደለም። ሐኪም ይየው፤ እስከዚያው ግን ተቀመጥ» አሉኝ።

«አባባ፣ ስንት ቀን ልቀመጥ?» አልኋቸው።

«ቀን ነው ያልከው?» ብለው ሣቁ።

በሐኪም ቤት የተነሣሁት ራጅ ምንም አላሳየም። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ ከመደጋገም ጫና የሚመጣ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ «ራጁ ንጹሕ ነው» ብሎ መሮጥ አደገኛ ነው። ስድስት ሳምንት እንዳልሮጥ አዘዘኝ።

ሁለቱን የቅልጥም ሕመሞች ለይቶ ማወቅ ለማንም ይጠቅማል። ሕመሙ በቅልጥሙ የውስጥ ጠርዝ ላይ ዘርዘር ብሎ ርዝመት ያለው እንደ ሆነና ሰውነት ሲሞቅ የሚቀንስ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የአጥንቱ ሽፋንና ጡንቻው የተያያዙበት ስፍራ መቆጣት ነው፤ ሩጫውን ለጥቂት ሳምንታት በመተው ወይም እጅግ በመቀነስ ይሽራል። በአንድ ጣት ጫፍ የሚሸፈን ነጥብ ላይ ብቻ የሚያም ከሆነ፣ በሩጫው መካከል እየባሰ ከሄደ፣ ሲራመዱ ወይም ሌሊት በመኝታ ከቀሰቀሰ ግን ስንጥቅ ስለሚያሠጋ ያለ ሐኪም ምክር አንድ እርምጃ መሮጥ አይገባም። ማሸትም አይገባም፤ ሁሉም ወጌሻ እንደኛ ሽማግሌ አይደለም።

ስለ ምግብም አንድ ቃል ልጨምር። የሚሮጥ ሰው በቂ ካልበላ አጥንቱ የሚታደስበትን አያገኝም። ቆጮ ኀይል ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን አነስተኛ ስለሆነ አይብ፣ ባቄላ፣ ሽሮ ሊከተለው ይገባል። ክትፎውን እንኳ የተማሪ ኪስ አይችለውም። እኅቶቻችን ደግሞ ሩጫ ከጀመሩ በኋላ የወር አበባቸው ከቀረ፣ ነገሩን በዝምታ ማለፍ የለባቸውም፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ሰውነት ከሚያወጣው ያነሰ ምግብ ማግኘቱ ሲሆን፣ አጥንትንም ስለሚያሳሳ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

በተቀመጥሁባቸው ሳምንታት ያጽናናኝ የማሞ ወልዴ ታሪክ ነው። ማሞ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በሜልቦርን ኦሎምፒክ፣ በ1949 ዓ.ም.፣ በ800ና በ1,500 ሜትር ሮጦ ከማጣሪያው አላለፈም። አበበ ቢቂላ በሮም ሲያሸንፍ ማሞ በዚያ አልነበረም። በቶኪዮ፣ በ1957 ዓ.ም.፣ በ10,000 ሜትር አራተኛ ሆነ፤ ማራቶኑን ግን አበበ ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈበት በዚያው ቀን አቋርጦ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ፣ ነገሩ ተገለበጠ። እግሩን ታምሞ የነበረው አበበ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ፤ ማሞም በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ አሸነፈ። ሁለቱም ማራቶን አሸንፈዋል፤ ሁለቱም ማራቶን አቋርጠዋል። በዓለም ፊት አበበ ቢቂላ የታመመ እግሩን ሰምቶ ከቆመ፣ እኔ በጉብሬ መንገድ ላይ ከማን አፍሬ ነው የሮጥሁት?

ከዚሁ ከጉራጌ ምድር የተነሣው ሰለሞን ባረጋም ምሳሌ አለው። በ2008 ዓ.ም. ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና በ5,000 ሜትር አሸነፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በታምፔሬ፣ በዚያው ውድድር አራተኛ ወጣ፤ ሜዳልያም አላገኘም። በሰባት ሳምንት ውስጥ፣ ነሐሴ 25 ቀን በብራሰልስ፣ ያንኑ ርቀት በ12 ደቂቃ ከ43.02 ሴኮንድ ሮጦ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። በሰባት ሳምንት አዲስ ሰውነት አይሠራም፤ ጉልበቱ በታምፔሬም ነበረ ማለት ነው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ የ10,000 ሜትር ኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ።

አሁን ወደ አመላለሱ እንምጣ። በሕመም ተኝቶ የነበረ ሰው ትልቁ ፈተናው የሚመለስበት የመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ትንፋሹ ብዙም አልጠፋምና ከቆመበት ሊጀምር ይፈልጋል። እኔ የታዘዝሁት፣ መጀመሪያ ሠላሳ ደቂቃ ያለ ሕመም በፍጥነት መራመድ እስክችል ሩጫ እንዳልሞክር ነው። ከዚያ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ይህንንም አሥር ጊዜ፣ ያውም አንድ ቀን እየዘለሉ። በተቻለ መጠን በአስፋልት ፋንታ በሣር ሜዳ ወይም በለስላሳ አፈር ላይ ነው፤ ኮረኮንቹ ግን ቁርጭምጭሚት ያዞራል። በማግሥቱ ጠዋት ቅልጥሙን በጣት ተጭኖ መመርመር ያስፈልጋል፤ ካመመ ወደ ቀድሞው ደረጃ መመለስ ነው፤ ካላመመ የሩጫውን ደቂቃ ጥቂት መጨመር።

ዘንድሮ የጋምቤላው ጓደኛዬ ያለ እረፍት ይሮጣል፤ ከፍታውን ለምዶታል፤ እግሩም ጊዜ አግኝቶ ጠንክሯል። አብረን እንነሣለን፤ ግን ከበሩ እንደወጣን ጥሎኝ ይሄዳል። ሲመለስ መንገድ ላይ ያገኘኛል። «ና እንጂ!» ይለኛል። እኔም ሰዓቴን አይና፣ የመራመጃው ሁለት ደቂቃ ካላለቀ፣ እጄን አወዛውዤለት መራመዴን እቀጥላለሁ።