የራዲዮ ጋላክሲዎች፦ ፍጥረትን ማጥናትና በፈጣሪ ማመን

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከወጣቶች ዘንድ በየጊዜው የሚቀርብላቸው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ሳይንስ የሰማይን ነገር ሁሉ እየገለጠ ከሄደ ለእግዚአብሔር ምን ቦታ ይቀርለታል?» የሚል ነው። አንዳንዶቻችን ይህን ስንሰማ እንደነግጣለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ አዲስ ግኝት በተነገረ ቁጥር «እነሆ፣ እምነታችን ተረጋገጠ» ለማለት እንቸኩላለን። ሁለቱም አያዋጡንም። በዚህ ትምህርት የራዲዮ ጋላክሲዎች ስለሚባሉት ፍጥረታት ጥቂት ካጠናን በኋላ፣ አንድ ካህን ለዚህ ጥያቄ የሰጡትን መልስ እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የራዲዮ ጋላክሲ ምንድን ነው?

ጋላክሲ ማለት እጅግ ብዙ ከዋክብት፣ ጋዝና አቧራ በስበት ኃይል ተሳስረው የሚገኙበት ታላቅ ስብስብ ነው። ፀሐያችን የምትገኝበት ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብ ይባላል፤ ከዳር እስከ ዳር ወደ 100,000 የብርሃን ዓመት ይሰፋል። ጋላክሲዎች ለዓይን ከሚታየው ብርሃን ሌላ የራዲዮ ሞገድም ይልካሉ። ይህ ሞገድ ዜናን ወደየቤታችን ከሚያመጣው ጋር ዓይነቱ አንድ ነው፤ በውስጡ ግን ቃልም ሆነ መልእክት የለበትም። ይህን ሞገድ ከሌሎቹ እጅግ በሚበልጥ ኃይል የሚልኩት የራዲዮ ጋላክሲዎች ተብለዋል።

ከሰማይ የሚመጣ የራዲዮ ሞገድ መኖሩን በ1932 ያስተዋለው ካርል ጃንስኪ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር። በ1946 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ሲግነስ በሚባለው የከዋክብት ምድብ አቅጣጫ ብርቱ የሞገድ ምንጭ አገኙ። ምንጩ ሲግነስ ኤ የሚል ስም ተሰጠው፤ ከእኛ ከ700 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ የሚርቅ ጋላክሲ መሆኑም ከጊዜ በኋላ ታወቀ። በ1953 ደግሞ አስገራሚ ነገር ተገለጠ፦ ሞገዱ በብዛት የሚመጣው ከጋላክሲው አካል ሳይሆን፣ በግራና በቀኝ ርቀው ከተዘረጉ ሁለት ሰፋፊ ደመና መሰል ክፍሎች ነው። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ያለው ርቀት የፍኖተ ሐሊብን ስፋት ብዙ ጊዜ ያጥፋል።

የዚህ ኃይል ምንጭ በጋላክሲው እምብርት የሚገኘው ጥቁር ጉድጓድ ነው፤ ክብደቱ በቢሊዮን ከሚቆጠሩ ፀሐዮች ጋር ይመዛዘናል። ጋዝ እየተሽከረከረ ወደ እርሱ ሲወድቅ፣ ከፊሉ ሳይዋጥ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች እንደ ቀጭን ጅረት ይወረወራል፤ ፍጥነቱም ወደ ብርሃን ፍጥነት ይቀርባል። በጅረቱ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች በመግነጢሳዊ መስክ ዙሪያ ሲጠመዘዙ የራዲዮ ሞገድ ያመነጫሉ። ኤም 87 በተባለው የራዲዮ ጋላክሲ መካከል ያለው ጥቁር ጉድጓድ ጥላው በምስል ተነሥቶ በሚያዝያ 2019 ለዓለም ታይቷል።

2. የሚገኙበት አካባቢ

የራዲዮ ጋላክሲዎች አብዛኛውን ጊዜ ግዙፍና እንቁላል መሰል ጋላክሲዎች ናቸው። ብዙዎቹም ጋላክሲዎች በመቶዎችና በሺዎች በተሰበሰቡበት ስፍራ ይገኛሉ። በጋላክሲዎቹ መካከል ያለው ጠፈር ባዶ አይደለም፤ በአሥር ሚሊዮኖች ዲግሪ የጋለ ስስ ጋዝ ሞልቶታል። ጅረቱ ከዚህ ጋዝ ጋር ሲጋፋ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ይንሰራፋል፤ ቅርጹም ይለወጣል። አካባቢው በፈንታው ከጋላክሲው ይቀበላል፦ በ1999 ወደ ጠፈር የተላከው ቻንድራ የተባለው የራጅ ቴሌስኮፕ፣ በፐርሲየስ የጋላክሲዎች ስብስብ ውስጥ ጅረቶቹ በጋለው ጋዝ ላይ የቦረቦሯቸውን ሰፋፊ ክፍተቶች በግልጽ አሳይቷል። ይህ ግፊት ጋዙን ስለሚያሞቀው፣ ቀዝቅዞ ከዋክብት ይሆን የነበረው ብዙ ጋዝ እንደ ጋለ ይቆያል።

3. ቁጥራቸው የመሰከረው

ቤልጂጋዊው ካህን አባ ዦርዥ ለሜትር በ1927 ዓለም እየሰፋ መሄዱን በስሌት አቀረቡ፤ በ1931 ደግሞ ዓለም እጅግ ከታመቀ ሁኔታ እንደ ተነሣ የሚገልጽ ሐሳብ ሰነዘሩ። በ1948 ግን ፍሬድ ሆይል፣ ኸርማን ቦንዲና ቶማስ ጎልድ «ዓለም መነሻ የለውም፤ በዘመናት ሁሉ መልኩ አንድ ነው» የሚል ተቃራኒ ሐሳብ አቀረቡ። ታዲያ በምን ይለያል? ሩቅ ማየት ያለፈውን ዘመን ማየት ነው፤ ከሩቅ የሚደርሰን ሞገድ ከብዙ ዘመን በፊት የተነሣ ነውና። ዓለም ሁልጊዜ አንድ ከሆነ፣ የራዲዮ ጋላክሲዎች በሩቅም በቅርብም እኩል ሊበዙ ይገባል። በካምብሪጅ ማርቲን ራይልና ባልደረቦቹ ቆጠሩ። በ1955 የወጣው ቆጠራ ብዙ ስሕተት ተገኘበት፤ ታርሞ በ1961 የቀረበው ግን በጥንት ዘመን ከዛሬው ይልቅ እንደሚበዙ አመለከተ። በ1965 የተገለጠው፣ ከሰማይ አቅጣጫዎች ሁሉ የሚመጣው ደካማ ጨረር ደግሞ የአባ ለሜትርን አሳብ ይበልጥ አጸና፤ እርሳቸውም ይህን ዜና በ1966 ከማረፋቸው በፊት ሰምተዋል።

4. ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

እዚህ ላይ አባ ለሜትር «እነሆ፣ የዘፍጥረት መጽሐፍ ተረጋገጠ» ለማለት ይችሉ ነበር፤ ግን አላሉም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1951 አዲሱን ሳይንስ ከፍጥረት ትምህርት ጋር ባቀራረቡ ጊዜ ደስ አላላቸውም፤ በ1958ም ሐሳባቸው ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ የሚቆም መሆኑን በግልጽ አስረድተዋል። እምነታቸው ስለ ቀዘቀዘ አይደለም። የእግዚአብሔር ፈጣሪነት በቴሌስኮፕ ቆጠራ ላይ ቢመሠረት፣ ቆጠራው በታረመ ቁጥር እምነታችንም በተናወጠ ነበር። እንደ 1955ቱ ያለ ቆጠራ ማስረጃችን ቢሆን ኖሮ ምን እንል ነበር?

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 159 እምነትና ሳይንስ በእውነት ሊጣሉ እንደማይችሉ ያስተምራል፤ የሁለቱም ምንጭ አንድ እግዚአብሔር ነውና። በቁጥር 283 እና 284 ደግሞ ሳይንስ ለፈጣሪ ያለንን አድናቆት እንደሚያሳድግ፣ ዓለም ስለ ምን ኖረ የሚለው ጥያቄ ግን ከሳይንስ ወሰን እንደሚያልፍ ያስረዳል። ስለዚህ ለወጣቱ እንዲህ እንበለው፦ እግዚአብሔር ሳይንስ ሲሰፋ የሚጠብበት ሰው አይደለም፤ ጥቁር ጉድጓዱም፣ ጅረቱም፣ እነዚህን የሚመረምረው አእምሮም ህልውናቸውን ከእርሱ የተቀበሉ ናቸው።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

ሀ. የራዲዮ ጋላክሲና አካባቢው እርስ በርሳቸው ምን ያደርጋሉ?
ለ. አባ ለሜትር ሳይንሳዊ ሐሳባቸውን የእምነት ማስረጃ ለማድረግ ያልፈለጉት ስለ ምን ነው?
ሐ. «ለእግዚአብሔር ምን ቦታ ይቀርለታል?» ለሚል ወጣት በቁምስናችን ምን መልስ እንሰጣለን?