የገበሬው ኅሊና፦ ብፁዕ ፍራንዝ ዬገርሽቴተር



ጦርነት ሲመጣ የገበሬ ቤት ቀድሞ ይፈተናል። ሞፈር የሚጨብጠው እጅ ጠመንጃ እንዲጨብጥ ሲጠራ እርሻው ጦም ያድራል፤ የቤቱ ሸክም በሚስት ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ልጆችም አባታቸውን በስም ብቻ እያወቁ ያድጋሉ። በዚህ ትምህርታችን እንዲህ ያለው ፈተና የደረሰበትን አንድ የኦስትሪያ ገበሬ እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ትውልዱና ትዳሩ

ፍራንዝ በሜይ 20 ቀን 1907 በላይኛው ኦስትሪያ፣ ቅድስት ራዴጉንድ በተባለች መንደር ተወለደ። ወላጆቹ በሰው እርሻ ተቀጥረው የሚያድሩ ድሆች ስለ ነበሩ ትዳር ለመመሥረት አቅም አልነበራቸውም። አባቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1915 ሞተ። እናቱ በ1917 አንድ ባለ እርሻ ስታገባ፣ እንጀራ አባቱ ፍራንዝን እንደ ልጁ ተቀብሎ ስሙን ሰጠው፤ ኋላም እርሻው ለእርሱ ሆነ።

ወጣትነቱ እንከን የሌለበት አልነበረም፤ በ1933 ከጋብቻ ውጭ ሴት ልጅ ወልዷል። በ1936 በጸሎተ ሐሙስ ቀን ፍራንሲስካን አግብቶ አብረው ወደ ሮም ተጓዙ። ከዚያ በኋላ በቤታቸው አብሮ መጸለይና ቅዱሳት መጻሕፍትን ማንበብ ልማድ ሆነ። ሦስት ሴቶች ልጆችም ወለዱ።

፪. የውትድርናው ጥሪ

በ1938 ኦስትሪያ ከናዚ ጀርመን ጋር እንድትዋሐድ ድምፅ ሲሰጥ፣ በመንደሩ የተቃወመው እርሱ ብቻ ነበር። በ1940 ለውትድርና ሲጠራ ግን ታዘዘ፤ ሠለጠነም። በኤፕሪል 1941 ለእርሻ ሥራ ያስፈልጋል ተብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በዚያ ወቅት ናዚዎች የአእምሮ ሕሙማንን እንደሚገድሉ ሰማ፤ የጦርነቱንም ዓላማ መረመረ። ዳግመኛ ቢጠራ ለዚህ መንግሥት እንደማይዋጋ ወሰነ።

ውሳኔውን በልቡ ብቻ አልያዘውም። ካህናትን ጠየቀ፤ የሊንዝ ጳጳስ ብፁዕ አባታችን ዮሴፍ ፍሊሰር ዘንድም ቀረበ። ጳጳሱ ለቤተሰቡ ያለበትን ኃላፊነት አሳሰቡት። ምክራቸው ከክፋት የመነጨ አልነበረም፤ አንድ አባት ሲሞት ማን እንደሚራብ ያውቁ ነበር። ፍራንዝ ግን ክፉ መሆኑን ያወቀውን ሥራ ስለ ልጆቹ ብሎ መሥራት እንደማይገባው አመነ።

በማርች 1943 ኤንስ ወደሚገኘው የጦር ሰፈር ሄዶ እንደማይዋጋ አስታወቀ። ቁስለኞችን በማከም ለማገልገል ፈቃደኛ ቢሆንም ተቀባይነት አላገኘም። በጁላይ 6 ቀን የሞት ፍርድ ተፈረደበት፤ በኦገስት 9 ቀን 1943 በብራንደንቡርግ አንገቱ ተቀላ። ዕድሜው 36 ዓመት ነበር።

፫. ከታሪኩ የምንማረው

አንደኛ፣ ኅሊና የስሜት ግፊት አይደለም። ፍራንዝ ዓመታት ሙሉ ጸለየ፣ አነበበ፣ ምክር ጠየቀ፤ ከዚያ በኋላ ወሰነ። ወደ ግንባር የሄዱትን ጎረቤቶቹን ግን አልኮነነም።

ሁለተኛ፣ እግዚአብሔርን ማስቀደም ቤተሰብን መናቅ አይደለም። ከእስር ቤት በጻፋቸው ደብዳቤዎች ስለ ልጆቹና ስለ እርሻው ሥራ ያስብ ነበር። ፍራንሲስካ መጀመሪያ ሕይወቱን እንዲያተርፍ ለመነችው፤ ሁሉም እንደተቃወሙት ባየች ጊዜ ግን ብቻውን አልተወችውም። ከሞቱ በኋላ ከአረጋዊት አማቷ ጋር እርሻውን ይዛ ልጆቿን አሳደገች። ባሏ እንደ ሌሎች የጦርነቱ ሟቾች ስላልተቆጠረ እስከ 1950 ድረስ ጡረታ ተከለከለች፤ ከመንደሩም ሰዎች ወቀሳ ደረሰባት። መስቀሉ የእርሱ ብቻ አልነበረም።

ሦስተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ ትምህርቷን በግልጽ ሰጥታለች። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ዘመናዊው ዓለም ባወጣው ሰነድ ቁጥር 79፣ አገራቸውን በቅንነት የሚያገለግሉ ወታደሮች ለሕዝቦች ደኅንነትና ሰላም እንደሚሠሩ ገለጸ። በኅሊናቸው ምክንያት መሣሪያ ለማንሳት የማይፈቅዱትም ማኅበረሰቡን በሌላ መንገድ እስካገለገሉ ድረስ ሕግ እንዲያስብላቸው አሳሰበ።

በ1997 የበርሊን ፍርድ ቤት የሞት ፍርዱን ሻረ። በኦክቶበር 26 ቀን 2007 ፍራንዝ በሊንዝ ብፁዕ ተብሎ ሲታወጅ ፍራንሲስካ በ94 ዓመቷ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ተገኘች። በ2013 በ100 ዓመቷ ዐረፈች። የብፁዕ ፍራንዝ መታሰቢያ ክርስትና የተነሣበት ዕለት፣ ሜይ 21 ነው።

፬. ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. ለቤተሰብ ያለን ኃላፊነትና የኅሊናችን ድምፅ ሲጋጩ ውሳኔያችንን በምን እንመዝናለን?

ለ. የጳጳሱን ምክርና የፍራንዝን ውሳኔ እንዴት ትመለከታላችሁ?

ሐ. በቁምስናችን በጦርነት ባሏን ያጣች እናት ብትኖር፣ ማሳዋ እንዳይዳዋ፣ ልጆቿም እንዳይራቡ ምን ልናደርግ እንችላለን? መምህራን ይህን ጥያቄ በቃል መልስ ብቻ እንዳይዘጉት አደራ እንላለን።