ኮምፒዩተር ለመገጣጠም ሚሞሪና ሌሎች ዕቃዎች እንዴት ይመረጣሉ?

በዚህ እትም ትምህርታችን ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁን ጉዳይ እንነጋገራለን። ይኸውም «ገንዘብ አዋጥተን የራሳችንን ኮምፒዩተር መገጣጠም እንፈልጋለን፤ ምን ዓይነት ዕቃ እንግዛ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ከካኩማ ወይም ከዳዳብ ለሚመጣ ሰው ናይሮቢ ሩቅ ናት። የመንቀሳቀሻ ፈቃዱም ቀኑ የተቆጠረ ነው። በሱቆች ደረሰኝ ላይ ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ማየት የተለመደ ነው። ሁርሊንግሃም ወደምንሰጠው ትምህርት ይመጡ የነበሩ ሦስት ወጣቶች በካምፕ የጽሕፈት አገልግሎት ለመክፈት አስበው ዕቃውን ሁሉ በአንድ ቀን ገዙ። ካምፕ ደርሰው ሲገጣጥሙ ሚሞሪው ማዘርቦርዱ ላይ አልገባ አለ። ሚሞሪው ዲዲአር 3፣ ማዘርቦርዱ ግን ዲዲአር 4 ነበር። ሻጩ በስልክ ቢለመንም አልቀይርም አለ። ሌላ መንገደኛ እስኪገኝ ድረስ የተዋጣው ገንዘብ በካርቶን ታስሮ አልጋ ሥር ተቀመጠ። ከዕቃዎቹ አንዱም ብልሽት አልነበረበትም፤ እርስ በርሳቸው ግን አይስማሙም ነበር። እንግዲህ የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ስምምነት ነው።

1ኛ. ከሥራው መጀመር

በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ምን ሊሠራበት እንደታሰበ ይወሰን። ለደብዳቤ፣ ቅጽ ለመሙላትና ለትምህርት 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ይበቃል። ቪዲዮ ለማቀናበር ግን 16 ጊጋባይት ቢሆን ይመረጣል። በአማርኛ ለመጻፍ የተለየ ሚሞሪ አያስፈልግም። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለገባ የዛሬ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ያውቁታል።

ዊንዶውስ 10 የተለመደው ድጋፍ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. እንዳበቃም ይታወስ። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ከዚያ ያረጀ ማሽን ያለው ሰው በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ ሊጠቀም ይችላል።

2ኛ. ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ

ፕሮሰሰር የሚቀመጠው ማዘርቦርዱ ላይ በተሠራለት መቀመጫ ነው። መቀመጫው ስም አለው። የኢንቴል ኤልጂኤ 1155፣ 1150፣ 1151፣ 1200 እና 1700፣ የኤኤምዲ ደግሞ ኤኤም 4 እና ኤኤም 5 እየተባሉ ይጠራሉ። የሁለቱ ዕቃዎች ስም አንድ መሆን አለበት።

ይሁንና የስም አንድነት ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ የኢንቴል 6ኛ እና 8ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ሁለቱም ኤልጂኤ 1151 ይባላሉ። ለ6ኛው በተሠራ ማዘርቦርድ ላይ ግን 8ኛው አይሠራም። ስለዚህ የማዘርቦርዱን ሞዴል በስልካችሁ ፈልጋችሁ አምራቹ ያወጣውን የፕሮሰሰር ዝርዝር ተመልከቱ።

በኢንቴል ፕሮሰሰር ቁጥር መጨረሻ ላይ ኤፍ የሚል ፊደል ካለ፣ ፕሮሰሰሩ የራሱ ምስል ማሳያ ስለሌለው ለብቻው የምስል ካርድ መግዛት ግድ ይሆናል።

3ኛ. ሚሞሪ

ሚሞሪ በየትውልዱ የተለያየ ነው። ዲዲአር 3 በ1.5 ቮልት ይሠራል፤ 240 ፒን አለው። ዲዲአር 4 በ1.2 ቮልት ይሠራል፤ 288 ፒን አለው። ዲዲአር 5 ደግሞ 1.1 ቮልት ሲሆን ፒኑ እንደ ዲዲአር 4 ሁሉ 288 ነው። የፒኑ ቁጥር አንድ ቢሆንም አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በሚሞሪው የታች ጠርዝ ላይ ያለችው ትንሽ ክፍተት በየትውልዱ ቦታዋ የተለያየ ነውና። አልገባ ያለውን ሚሞሪ በጉልበት መግፋት ሁለቱንም ዕቃ መስበር ነው።

በኤልጂኤ 1700 ላይ በተለይ ጥንቃቄ ይደረግ። ፕሮሰሰሩ ዲዲአር 4ንም ዲዲአር 5ንም ሊቀበል ሲችል፣ ማዘርቦርዱ ግን በአብዛኛው የተሠራው ለአንዱ ብቻ ነው። ወሳኙ ማዘርቦርዱ ነው ማለት ነው።

ሚሞሪው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ፍጥነቱን ይናገራል። «ፒሲ 4-19200» የሚለው ዲዲአር 4፣ ፍጥነቱም 2400 ማለት ነው። ትልቁን ቁጥር ለ8 ብታካፍሉት ፍጥነቱን ታገኛላችሁ። የላፕቶፕ ሚሞሪ አጭር ስለሆነ በዴስክቶፕ አይገባም። ከትላልቅ ሰርቨሮች የወጣ «ሬጂስተርድ» የሚባል ሚሞሪም በርካሽ ይሸጣል፤ በተራ ዴስክቶፕ ላይ ግን አይሠራም። 8 ጊጋባይት ስትፈልጉ ከአንድ ባለ 8 ይልቅ ሁለት ተመሳሳይ ባለ 4 ብትገዙ ማሽኑ ሁለቱን ጎን ለጎን ስለሚጠቀም ይፈጥናል። ነገር ግን ማዘርቦርዱ ሁለት ማስገቢያ ብቻ ካለው ወደፊት ለመጨመር ቦታ አይኖርም።

4ኛ. የኤሌክትሪክ ኃይል

የኬንያ መብራት 240 ቮልት ነው። በአንዳንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ማብሪያ መሳይ መቀያየሪያ አለ። ከመሰካታችሁ በፊት 230 ላይ መሆኑን እዩ፤ አለዚያ ይቃጠላል። የምስል ካርድ ለሌለው ተራ ማሽን ጥሩ ባለ 300 ዋት ይበቃል። ከመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮች የወጡ አንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች መሰኪያቸው ልዩ ስለሆነ ከሌላ ማዘርቦርድ ጋር አይገናኙም። በካምፕ መብራቱ ከጄኔሬተር ወይም ከፀሐይ ኃይል ስለሚመጣ ብዙ ኃይል የማይበላ ፕሮሰሰር ምረጡ፤ ስታቢላይዘርም አይቅር።

5ኛ. ሲገዙ

ወደ ሞይ አቬኑ ወይም ሉቱሊ አቬኑ ከመሄዳችሁ በፊት የማዘርቦርዱን ሞዴል፣ የፕሮሰሰሩን ቁጥር፣ የሚሞሪውን ትውልድና ፍጥነት በወረቀት ጻፉ። ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁ ወረቀታችሁን እመኑ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ዕቃው እዚያው ተገጥሞ ሲሠራ እዩ። ደረሰኙ ላይ የመቀየሪያ ቀን አስጽፉ። ሚሞሪውን በፌስታል ሳይሆን በራሱ ከረጢት ያዙት፤ ከመንካታችሁም በፊት ብረት ነክታችሁ በሰውነታችሁ ያለውን ኤሌክትሪክ አስወግዱ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

ሀ. ማዘርቦርዳችሁ ዲዲአር 4 ነው። ባለ 2400 ሚሞሪ አላችሁ፤ ሻጩ ባለ 3200 ዲዲአር 4 አቀረበላችሁ። አብረው ይሠራሉ?

ለ. ሻጩ ዲዲአር 3 በግማሽ ዋጋ እሰጣችኋለሁ አለ። ይገዛል?

ሐ. «ፒሲ 4-25600» የሚለው ፍጥነቱ ስንት ነው?

መልስ፦ ሀ. በአብዛኛው አብረው ይሠራሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም በዝግተኛው፣ በ2400 ይሄዳሉ። ለ. አይገዛም፤ የማይገባ ዕቃ በነፃም ቢሆን ውድ ነው። ሐ. 3200።

ሦስቱንም በትክክል የመለሰ አንባቢ ወረቀቱን ይዞ ገበያ ሊወጣ ይችላል። ያቃተውም ተመልሶ 3ኛውን ክፍል ያንብብ፤ ያወቀ ላላወቀ ያስረዳ። ቸር ይግጠመን።