ያገለገለ ላፕቶፕ ስንገዛ፦ «አይ 7» የሚለው ጽሑፍ ይበቃል?

በዚህ የትምህርት ዓመት የኮምፒውተር ክበባችንን ከሁሉ ይበልጥ ያነጋገረው ጥያቄ የመጣው ከአንድ አባላችን ቤት ነው። እናቱ የእቁብ ዕጣ ደረሳቸውና ለልጃቸው ላፕቶፕ ሊገዙለት ወሰኑ። ለአዲስ ገንዘቡ አይበቃም። ስለዚህ በመሀል ናይሮቢ፣ በሉቱሊና በሞይ ጎዳናዎች አካባቢ ከሚሸጡት፣ እዚህ «ኤክስ ዩኬ» ከሚባሉት ያገለገሉ ላፕቶፖች አንዱን መረጡ። ከመክፈላቸው በፊት ግን ወደ ክበባችን መጥተው፣ «ልጆች፣ ይህ ገንዘብ ሁለተኛ ጊዜ አይገኝም። ሻጩ ‹አይ 7 ስለሆነ ከአይ 5 ይበልጣል› ይለኛል። እውነት ነው ወይ?» ብለው ጠየቁን።

እኛም ቸኩለን ለመመለስ አልደፈርንም። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዱ ይህንኑ ቃል አምኖ ከአንድ ሱቅ ገዝቶ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ላፕቶፑን ወደ ዊንዶውስ 11 ለማሳደግ ሲሞክር «ይህ ኮምፒውተር መስፈርቱን አያሟላም» የሚል መልእክት ወጣበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ሆነ። ስለዚህ መጀመሪያ አብረን አጠናን። ያጠናነውንም ሌላ ቤተሰብ እንዲጠቀምበት እዚህ ጽፈነዋል።

ቁጥሩን ማንበብ

ፕሮሰሰር የኮምፒውተሩ አእምሮ ነው፤ ስሌቱ ሁሉ የሚሠራው እሱ ዘንድ ነው። በላፕቶፑ ላይ በተለጠፈው ትንሽ ምልክት ላይ «ኮር አይ 5» ወይም «ኮር አይ 7» የሚል ይነበባል። ይህ ግን የስሙ ግማሽ ብቻ ነው። ሙሉው ስም ለምሳሌ «አይ 5-8250ዩ» ይባላል። ከሰረዙ በኋላ ያለው የመጀመሪያ አሃዝ የፕሮሰሰሩን ትውልድ ይናገራል፤ 8250 ማለት ስምንተኛ ትውልድ፣ 7500 ማለት ሰባተኛ፣ 6300 ማለት ስድስተኛ ነው። ከአሥረኛው ትውልድ ወዲህ ባሉት ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ይነበባሉ፤ 10210 አሥረኛ፣ 1135 አሥራ አንደኛ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው «ዩ» ፕሮሰሰሩ ኤሌክትሪክ ቆጣቢ መሆኑን ያመለክታል።

አይ 3፣ አይ 5 እና አይ 7 የሚባሉት ደረጃዎች በአንድ ትውልድ ውስጥ ያሉትን ለማወዳደር ይረዳሉ። ትውልዱ ሲለያይ ግን ደረጃው ብቻውን ሊያሳስት ይችላል።

ሁለት ምጣድና አራት ምጣድ

ለእናቲቱ የቀረበላቸው አይ 7-7500ዩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ነው። እዚያው ሱቅ ውስጥ በተቀራራቢ ዋጋ አይ 5-8250ዩ ያለው ላፕቶፕ ተቀምጧል፤ እሱ በ2017 የወጣ ነው። ሻጩ «አይ 7ቱ 2.7 ጊጋኸርዝ ነው፣ አይ 5ቱ ግን 1.6 ብቻ» ብሎ ነበር። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ድምዳሜው ግን ስህተት ነው።

አይ 7-7500ዩ ሁለት ኮሮች አሉት። ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ ክፍል ነው። አይ 5-8250ዩ ደግሞ አራት ኮሮች አሉት። ነገሩን ከእንጀራ ጋገራ ጋር ብናመሳስለው ግልጽ ይሆናል። አንድ እንጀራ ብቻ ለመጋገር ሁለት ምጣድ ባለው ቤትና አራት ምጣድ ባለው ቤት መካከል ልዩነት የለም። ለድግስ ሲሆን ግን አራት ምጣድ ያለው ቤት ቀድሞ ይጨርሳል። ሁለቱ ፕሮሰሰሮችም አንድ ሥራ ብቻ ሲሰጣቸው ፍጥነታቸው ይቀራረባል፤ የመጀመሪያው እስከ 3.5፣ ሁለተኛው እስከ 3.4 ጊጋኸርዝ ይደርሳሉ። ሻጩ የጠቀሳቸው 2.7 እና 1.6 መነሻ ፍጥነቶች እንጂ ጣሪያዎች አይደሉም።

የዛሬ ተማሪ ሥራ ደግሞ ድግስን ይመስላል። መምህሩ በቪዲዮ ያስተምራሉ፣ ከጎን አሥር የድረ ገጽ መስኮቶች ተከፍተዋል፣ የአማርኛ ድርሰት እየተጻፈ ነው፣ ጸረ ቫይረሱም በስተጀርባ ይፈትሻል። በዚህ ጊዜ አራቱ ኮሮች ያግዛሉ።

ጥያቄው የፍጥነት ብቻ አይደለም

ከፍጥነቱ የሚበልጠው ቁም ነገር ሌላ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ለግለሰብ ተጠቃሚዎች በምዝገባ የሚሰጠው ተጨማሪ የደህንነት ማሻሻያም እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ የደህንነት ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፍነው አይኖርም። የባንክ መረጃና የፈተና ውጤት ለሚታይበት ኮምፒውተር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዊንዶውስ 11 በበኩሉ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ የመጡትን ብቻ ነው የሚቀበለው። ሰባተኛው ትውልድ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከደጅ ቀርቷል። ስለዚህ በ2016 እና በ2017 በወጡት በእነዚህ ሁለት ፕሮሰሰሮች መካከል ያለው የአንድ ዓመት ልዩነት የላፕቶፑን ቀሪ ዕድሜ የሚወስን ሆኗል። የክበባችን አባል ገንዘቡን ያጣው በዚህች አንዲት አሃዝ ነው።

ፕሮሰሰሩን በኋላ እንቀይራለን ማለትም አይቻልም። በእነዚህ ላፕቶፖች ላይ ፕሮሰሰሩ ከዋናው ቦርድ ጋር የተበየደ ነው። ዲስክ ነገ ይቀየራል፣ በብዙዎቹ ላይ ራምም ይጨመራል፤ ፕሮሰሰሩ ግን በገዛንበት ዕለት ተወስኗል።

ታዲያ ስድስተኛውና ሰባተኛው ትውልድ ይጣል?

አይጣልም። በክበባችን ክፍል ስድስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያላቸው ጥቂት ላፕቶፖች አሉ። አንዱ ለመነሳት ብዙ ደቂቃ ይፈጅበት ስለነበር ሁላችንም ጥፋቱን የፕሮሰሰሩ አድርገን ነበር። የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ አውጥተን ኤስኤስዲ ስናስገባለት ግን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይነሳ ጀመር። ላፕቶፕን የሚያዘገመው ብዙ ጊዜ ዲስኩና የራም ማነስ መሆኑን ያን ዕለት ተረዳን።

ከዚያም ሊኑክስ ሚንት ጫንንበት። ይህ ነጻ ሥርዓት ለቆዩ ፕሮሰሰሮችም የደህንነት ማሻሻያ ያገኛል፤ አማርኛም ይጻፍበታል። ዛሬ ታናናሾቻችን የሚለማመዱት በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑ በጣም ርካሽ ከሆነና ቤተሰቡ ሊኑክስ ለመልመድ ፈቃደኛ ከሆነ የቆየውም ይጠቅማል። በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ለሚያስፈልገው ግን አንመክርም። ከባድ ቪዲዮ ለማቀናበር ወይም አዳዲስ ጨዋታ ለመጫወት ለሚፈልግ ደግሞ ስምንተኛውም ትውልድ አይበቃውም።

ከመክፈላችን በፊት የምንፈትሸው

አንደኛ፣ የተለጠፈውን ምልክት አንመን። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አብረን ስንጫን በሚከፈተው መስኮት ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ብንመርጥ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስምና የኮሮቹ ብዛት ይታያል። ምልክት ሊቀየር ይችላል፤ አንድ ሞዴልም በተለያየ ፕሮሰሰር ይሸጣል።

ሁለተኛ፣ ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ዲስኩም ኤስኤስዲ መሆኑን እንመልከት። ራሙ የሚጨመርበት ቦታ መኖሩንም እንጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ቪዲዮ ከፍተን እንሞክረው። በቆየ ላፕቶፕ ውስጥ አቧራ ይከማቻል፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለውም ቅባት ይደርቃል። ያኔ ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ማራገቢያው ያለ ማቋረጥ ከጮኸና ቪዲዮው ከተቆራረጠ ጽዳት ያስፈልገዋል ማለት ነው።

አራተኛ፣ ቻርጀሩን ነቅለን ባትሪው እንዴት እንደሚወርድ እንይ። ላፕቶፑ ሲነሳ የቀድሞ ባለቤቱን የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ አንግዛው።

አምስተኛ፣ የዋስትናው ጊዜ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። በቃል የተሰጠ ዋስትና ኋላ ለመከራከር አይረዳም።

መልሳችን

ለእናቲቱ የሰጠናቸው መልስ አጭር ነበር፦ «አይ 5-8250ዩ ያለውን ይግዙ። ሻጩ የጠቀሰው ስም ትልቅ ቢሆንም ትውልዱ ያነሰ ነው።» ሁለት አባሎቻችን አብረዋቸው ሄዱ። ቻርጀሩን ነቅለው ሲሞክሩ ባትሪው ቶሎ ሞተ። እናቲቱም እዚያው ተከራክረው ባትሪው ካልተቀየረ አልከፍልም አሉ፤ ሻጩም ቀየረው። ልጃቸው ዛሬ የሚያጠናው በዚያ ላፕቶፕ ነው።

እንግዲህ የቆየ ፕሮሰሰር ዛሬም ይገዛል ወይ ለሚለን፣ «ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ዋጋውም ተገቢ ከሆነ፣ አዎን» እንላለን። በትንሽ ጭማሪ አሥረኛ ወይም አሥራ አንደኛ ትውልድ ከተገኘ ደግሞ እሱ ይመረጥ፤ ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል። በመጪው ዓመትም ላፕቶፕ ለመግዛት ያሰበ ቤተሰብ ሁሉ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ወደ ክበባችን ብቅ ቢል፣ አብረን ሄደን ቁጥሩን እናነብለታለን።