ሳህን ኮራል በቦሌ ቤቶች፦ ከመግዛታችን በፊት ማወቅ ያለብን

መግቢያ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ሳህን ኮራል የሚባለውን የባሕር እንስሳ በቤት ውስጥ ለማኖር ምን እንደሚያስፈልግ፣ በተለይም ቦሌና አካባቢዋ ላይ ምን እንደሚገጥመን ማሳየት ነው። እንድጽፈው ያነሳሳኝ የአጎቴ ጥያቄ ነው። አጎቴ ቦሌ ሚካኤል ባለው ቤቱ ጨው በሌለው ውሃ ዓሣ ማኖር ከጀመረ ቆይቷል። በቅርቡ ደግሞ «አንቺ ባዮሎጂ እየተማርሽ አይደል እንዴ? ኮራል ባስገባ ይኖርልኛል?» አለኝ። መልሱን ሳዘጋጅ ለዲፓርትመንታችን ተማሪዎችም ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ።

1. ሳህን ኮራል ምን ዓይነት እንስሳ ነው?

ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። አብዛኞቹ ድንጋያማ ኮራሎች ብዙ ጥቃቅን ፖሊፖች ተያይዘው የሚኖሩባቸው ናቸው። የፉንጊያ ወገን የሆነው ሳህን ኮራል ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትልቅ ፖሊፕ ብቻ ነው፤ መሐሉ ላይም አንድ አፍ አለው። ልጅ እያለ በአጭር ግንድ ድንጋይ ላይ ይጣበቃል። ሲያድግ ይገነጠልና አሸዋ ላይ ነፃ ሆኖ ይኖራል። ሰውነቱን በውሃ እየነፋ የወደቀበትን አሸዋ ያራግፋል፣ ቀስ እያለም ቦታ ይቀይራል። በሥጋው ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ከብርሃን ምግብ ሠርተው አብዛኛውን ቀለቡን ይሰጡታል።

አያያዙም ከዚህ አኗኗሩ ይመነጫል። ቦታው ደቃቅ አሸዋ ላይ ነው። ድንጋይ መሐል ከተወሸቀ ሲነፋ ሥጋው ይቧጠጣል። ብርሃኑ መካከለኛ፣ የውሃው እንቅስቃሴም ለስለስ ያለ ይሁን። በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል ደቆ የተከተፈ ሽሪምፕ ወይም ዓሣ አፉ አጠገብ ማድረግ ይጠቅመዋል። ማንሳት ግድ ከሆነ እስኪሟሽሽ ጠብቀን ከሥሩ ደግፈን እናነሳዋለን። ሥጋው ያለቀ መስሎ ቢታይም ለመጣል አንቸኩል፤ ከወራት በኋላ ከአጽሙ ላይ ትናንሽ ልጆች ሊበቅሉ ይችላሉ።

2. የውሃው ጉዳይና የዳናክል ትምህርት

አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ከዚህ ውስጥ ከመቶ 85 ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ፣ ማለትም የምግብ ጨው ነው። ቀሪው ማግኒዝየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየምና ሌሎችም ናቸው። ሳህን ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ በውሃው ውስጥ ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም፣ አልካላይኒቲውም ከ8 እስከ 9 ዲግሪ እንዲሆን ይመከራል።

ታዲያ የአፋር ጨው እያለን ለምን ከውጭ የሚመጣ የአኳሪየም ጨው እንገዛለን? መልሱ ያለው እዚያው አፋር ነው። ከ125 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት የቀይ ባሕር ውሃ ዳናክል ዝቅተኛ ስፍራ ገብቶ ነበር። የዚያን ጊዜ የኮራል ሪፎች ዛሬም በዳርቻው ድንጋይ ሆነው ይታያሉ። ባሕሩ ሲቆረጥ ውሃው ተነነ፣ ኮራሎቹም አለቁ። የባሕር ውሃ ሲተን ቀድመው የሚዘቅጡት ካልሲየም ካርቦኔትና ጂፕሰም ናቸው፤ የምግብ ጨው የሚረጋው ከእነርሱ በኋላ ነው። ስለዚህ እንዲህ የረጋ ጨው ምንጩ ባሕር ቢሆንም አብዛኛውን ካልሲየም መንገድ ላይ ጥሎ የመጣ ነው። ለወጥ ይሆናል፣ ለኮራል ግን አይሆንም።

በዳናክል የሆነው ነገር በትንሹ ሳሎናችን ውስጥም ይሆናል። ከ100 ሊትር ገንዳ በቀን 1 ሊትር ቢተን ጨዉ አብሮ አይተንም። በሳምንቱ 93 ሊትር ይቀርና 35 የነበረው ጨዋማነት ወደ 37.6 ይደርሳል። አየሩ በሚደርቅበት በበጋ ይህ ቸል የሚባል አይደለም። በመሆኑም የተነነው በየቀኑ መተካት ያለበት ጨው በሌለው ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪንና ሌሎች ማዕድናት ስላሉት በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ማለፍ ይኖርበታል። ማጣሪያው ብዙ ውሃ ስለሚደፋ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚደፋውን ለጽዳት ማጠራቀም ያስፈልጋል።

3. ከፍታ፣ ብርድና መብራት

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ላይ ይገኛል። እዚህ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የባሕር ውሃ በባሕር ወለል ላይ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ እኛ ጋ የሚይዘው 5 ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ መብራት ሳይጠፋ ገና ሩቡን አጥተናል ማለት ነው!

ቀን ቀን አልጌዎቹ ኦክስጅን ያመነጫሉ። ሌሊት ግን ዓሣውም፣ ኮራሉም፣ አልጌውም፣ ባክቴሪያውም ኦክስጅን ይጠቀማሉ። ስለዚህ ከሁሉም የከፋው ሌሊት ላይ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ደግሞ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ መቆየት ያለበት ውሃ መቀዝቀዝ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ቢሆን ይሻላል፦

ሀ. በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ወዲያው ማስነሳት፤
ለ. ገንዳውን ዙሪያውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ መጠቅለል፣ ከላይ ግን አየር መተው፤
ሐ. መብራት እስኪመጣ ምግብ አለመስጠት።

የገንዳው አምፖል መጨረሻ የሚታሰብ ነው። ኮራሉ አንድ ቀን ጨለማን ይችላል፤ የቆመ ውሃን ግን ለረጅም ሰዓት አይችልም።

4. ስለ ሕጉ

ድንጋያማ ኮራሎች በሙሉ በሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ውስጥ ተመዝግበዋል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ስለሆነም ከውጭ የሚመጣ ኮራል የላኪው አገር ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሻጩን ወረቀቱን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው ሳህን ኮራል ቦሌ ላይ መኖር ይችላል። የሚፈልገው ግን ከውድ ዕቃ ይልቅ የማይለዋወጥ ውሃ ነው። የእኔ ምክር የሚከተለው ነው። መጀመሪያ የጨው ውሃውን ገንዳ ያለ ኮራል ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ማቆየት፤ በዚህም ክረምቱንም ብርዱንም እናይበታለን። በየቀኑ ሙቀቱንና ጨዋማነቱን፣ መብራት የጠፋበትንም ሰዓት በደብተር መመዝገብ። በታኅሣሥ መጨረሻ ቁጥሮቹ ካልተዛነፉ ኮራሉን መግዛት ይቻላል። ከተዛነፉ ደግሞ ጨው በሌለው ውሃ ዓሣ ማኖሩ ይሻላል፤ የደብተሩ ዋጋ ከአንድ እንስሳ ሕይወት ይረክሳልና።