በኬሚካል ለተጎዳ ሠራተኛ ሕክምና ማን ይከፍላል?

በጽዳትና በቤት ውስጥ ሥራ ለተሰማራችሁ ዜጎቻችን

የኬሚካል ጉዳት መነሻው ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው፤ መጸዳጃ ቤቱ በደንብ እንዲነጣ በረኪና ከአሲድ ማጽጃ ጋር ይደባለቃል። ከዚህ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ዓይንና ጉሮሮን ከማቃጠሉ በላይ ሳንባ ውኃ እንዲቋጥር ሊያደርግ ይችላል። ይህ ከሰዓታት በኋላ ሊከሰት ስለሚችል፣ ሳሉ ቀለል አለልኝ ብሎ መተኛት አደገኛ ነው። ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ይውጡ፤ ኬሚካሉ ዓይንዎን ከነካ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በውኃ ይታጠቡ፤ መተንፈስ ካዳገትዎ በ998 አምቡላንስ ይጥሩ።

በተባበሩት አረብ ኤሚሬቶች እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የሥራ ሕግ ቁጥር 33 መሠረት፣ በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛን የሕክምና ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ሠራተኛው መሥራት ካልቻለ በሕክምና ላይ ለሚቆይበት ጊዜ እስከ 6 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ከዚያም ለተጨማሪ 6 ወር ግማሽ ደመወዝ ይከፈለዋል። የቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በ2022ቱ ሕግ ቁጥር 9 ቢሆንም፣ የሥራ ጉዳት ካሳን በተመለከተ ይህ ሕግ ወደ ሥራ ሕጉ ይመራል።

መብቱ የሚጸናው ግን ጉዳቱ በሥራ ምክንያት የደረሰ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ተራ ሕመም ተብሎ ከተመዘገበ፣ የቤት ሠራተኛ በዓመት ያላት የሕመም ፈቃድ 30 ቀን ብቻ ሲሆን፣ ደመወዝ የሚከፈልበትም የመጀመሪያው 15 ቀን ነው።

አንዲት እህታችን ለወራት ስትስል ቆይታ ወደ እኛ ስትመጣ፣ የያዘችው የሐኪም ወረቀት «ጉንፋን» የሚል ነበር። ለሐኪሙ የተናገሩላት አሠሪዋ ናቸው፤ በክፋት ነው ለማለት አልደፍርም፣ ስለ ኬሚካሉ አላወቁ ይሆናል። ያችን አንድ ቃል ለማስተካከል ግን ብዙ ደክመናል።

ስለዚህ ለሐኪሙ ራስዎ ይንገሩ፤ ቋንቋው ካስቸገረዎ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ምን ዓይነት ኬሚካል እንደ ነበር፣ የት፣ በስንት ሰዓትና በማን ትእዛዝ እንደ ተጠቀሙበት በመዝገቡ ላይ ይጻፍልዎ። የጠርሙሱን ምልክት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ለሕክምናውም ይረዳል። በሥራ ቦታው በግልጽ የተለጠፈ የጥንቃቄ መመሪያን ሆን ብሎ የጣሰ ሠራተኛ ካሳ ሊነፈግ ስለሚችል፣ መመሪያ አለመለጠፉን ወይም ጓንት አለመሰጠትዎን የሚያሳይ ማስረጃ ካለዎትም ይያዙት። የሕክምናውን ሪፖርት ቅጂ ከሆስፒታሉ ሳይወጡ ይቀበሉና፣ በተቻለ ፍጥነት ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ክፍላችን ያምጡት ወይም ይላኩት።