በብስክሌት ላይ የጓዝ አጫጫን

አብዛኞቻችን ብስክሌት መንዳት እናውቃለን። ጓዝ ጭነን ከከተማ ወጥተን፣ አድረን የተመለስን ግን ጥቂቶች ነን። ለማስተማር ልምምድም ሆነ ለሥራ ወደ ገጠር ትምህርት ቤት የምንሄድ ዕጩ መምህራን ዛሬ ባይሆን ነገ ይህ ይገጥመናል። ስለዚህ ጉዳዩን ከተማርነው ፊዚክስ ጋር አያይዘን በአጭሩ እንመልከተው።

በመጀመሪያ ስለ ክብደት። ነጂው 60 ኪሎ፣ ብስክሌቱ 18 ኪሎ ቢመዝን በድምሩ 78 ኪሎ ነው። 20 ኪሎ ጓዝ ስንጨምርበት 98 ይሆናል። ፍሬኑ ግን ያው ፍሬን ነው፤ ጉልበቱ አልጨመረም። በመሆኑም በዚያው ፍጥነት ስንሄድ ለመቆም የሚያስፈልገን ርቀት በሩብ ያህል ይረዝማል። ፍጥነታችን እጥፍ ሲሆን ደግሞ ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ቸርኬውን ዝናብ ካራሰውማ የፍሬኑ ላስቲክ ይንሸራተታል። እንግዲህ ጓዝ ጭኖ ቁልቁለት ላይ መልቀቅ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ!

ሁለተኛው ነጥብ የክብደቱ ቦታ ነው። ከኮርቻው ኋላ እንደ ማማ የተቆለለ ጆንያ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ በዝግታ ስንሄድ ወይም ስንቆም ያዘነበለውን ብስክሌት ለማቃናት ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ጭነቱ ከኋላው ጎማ መሀል አልፎ ወደ ኋላ ከወጣ የፊቱ ጎማ ይቀላል፤ ዳገት ላይም መሪው ይዋልላል።

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይደለም። አባቶቻችን አህያና በቅሎ ሲጭኑ ግራና ቀኙን አመዛዝነው በመጫኛ ይጠፍሩ ነበር። የብስክሌትም ሕግ ይኸው ነው። አንድ ትልቅ ጆንያ ከመቆለል ሁለት ትናንሽ ከረጢቶች አዘጋጅቶ ከኋላው ጎማ ግራና ቀኝ ማንጠልጠል ይሻላል። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይሁን። ስንነዳ ተረከዛችን ከረጢቱን እንዳይመታ፣ የማሰሪያውም ጫፍ ወደ ጎማው ሽቦዎች እንዳይገባ ማየት የግድ ነው። ለማሰሪያ አሮጌ ካላማዳሪ በረጅሙ ቀዶ መጠቀም ከሲባጎ ይመረጣል። ስለሚለጠጥ መንገዱ ቢያንገጫግጨውም ቶሎ አይላላም። መሪው ላይ ከባድ ዕቃ ማንጠልጠል ግን አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ምን ይጫን? ለአንድ አዳር ጋቢ፣ ቅያሪ ሸሚዝ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የትምህርት ዝግጅት ደብተር፣ በሶና ውኃ ይበቃል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ መሆኑን ግን አንርሳ። ለሳምንት ስንሄድ ሰባት እጥፍ መጫን ያለብን ይመስለናል፤ አይደለም! ልብስ ይታጠባል፤ ምግብም መንገድ ላይ ካለ መንደር ይገዛል። የሚጨምረው የጥገና ዕቃ ነው፦ መንፊያ፣ ማጣበቂያ፣ ቁራጭ ላስቲክ፣ መፍቻና ትርፍ ካላማዳሪ። በቡድን ከሆንን ደግሞ ይህን መከፋፈል ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ!

ከዚህ በላይ መጫን ግድ ቢሆንስ? እ.ኤ.አ. በ1954 በተካሄደው የዲየን ቢየን ፉ ውጊያ የቬትናም ተሸካሚዎች በአንድ ብስክሌት 200 ኪሎና ከዚያም በላይ ስንቅና ጥይት በተራራ መንገድ አድርሰዋል። ይህን ያደረጉት ግን እየነዱ አልነበረም። የብስክሌቱን አካል አጠናክረው፣ ጭነቱን ግራና ቀኝ አንጠልጥለው፣ መሪው ላይ ረጅም ዘንግ አስረው በእግራቸው እየገፉ ነው። ለእኛም ትምህርት ይሆነናል፤ ጭነት ሲበዛ፣ ዳገቱም ቁልቁለቱም ሲከብድ ወርዶ መግፋት ነውር አይደለም።

በመጨረሻም ከጉዟችን አንድ ቀን ቀደም ብለን ጓዙን በሙሉ ጭነን ሜዳ ላይ እንለማመድ። መሬት ላይ መስመር አስምረን፣ በዝግታ እየነዳን መስመሩ ላይ ስንደርስ ፍሬን እንያዝ፤ የቆምንበትንም በእርምጃ እንለካ። ከዚያ ጓዙን አውርደን በዚያው ፍጥነት እንድገመው። ልዩነቱ በዓይን ይታያል። የሚንቀሳቀስ ዕቃ ካለም እዚያው ፈትተን እንደገና እንሰር። ይህ ሙከራ ነገ ለሳይንስ ክፍለ ጊዜም ይጠቅመናል። ሰኞ ጧት ተማሪዎች የሚጠብቁት መምህሩን እንጂ ጓዙን አይደለምና፣ በደህና የሚያደርሰንን ያህል ብቻ እንጫን።